አባ ስለሚባለው አጭር ቃል

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዕለት ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች በዛሬው ቀን ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ፥ ኢዮቤልዩ ስለሚለው ቃል እንድናገር ያሰቡ ይመስለኛል። የኢዮቤልዩ ነገር ግን በአጭሩ የሚያልቅ ነው፤ በዕብራይስጥ ቃሉ የአውራ በግ ቀንድ ማለት ስለ ሆነ፥ ሃምሳኛው ዓመት ሲገባ ቀንድ ይነፋ ነበርና ዓመቱ በቀንዱ ስም ተጠራ። እኔ ልናገርበት የወደድሁት ቃል ከዚህ ያነሰ፥ ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ነው፤ ይኸውም «አባ» የሚለው ቃል ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ዕዳ ስላለብኝ ነው፤ ዕዳውንም በተበደርሁበት ቦታ መክፈል ይገባኛል።

ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በዚህች ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምር ነበር። አንድ ቀን ጌታችን በጌቴሴማኒ ስለ ጸለየው ጸሎት ሳስተምር፥ «አባ ማለት ሕፃን ልጅ በኰልታፋ አፉ አባቱን የሚጠራበት ቃል ነው» ብዬ ነገርኋቸው። ይህንንም የሰማሁት ከሌላ ሰባኪ ነበርና ደስ እያለኝ ተናገርሁት። በዚህ ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ፥ «መምህር፥ የንስሐ አባታችንን አባ እንላቸዋለን፤ በአጥሩ ላይ የሚሄደውን ጠጕራም ትልም አባ ጨጓሬ እንለዋለን፤ ሁለቱ በአንድ ስም የተጠሩት ስለ ምን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ልጆቹ ሁሉ ሣቁ። እኔም መልስ ስላጣሁ ተቈጣሁና እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ ድረስ ከበር አጠገብ እንዲቆም አደረግሁት። ልጁ ራሱ ግን አልሣቀም ነበር፤ ይህን ያስተዋልሁት ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጻሕፍትን በመመልከትና ሊቃውንትን በመጠየቅ ያገኘሁት ነገር ቢኖር፥ በዚያ ቀን ሁለት ጥፋት ማጥፋቴን ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ትምህርቴ ግን ትክክለኛ ትምህርት አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፥ ሴማውያን የሚባሉት ልሳናት ሁሉ ወላጅን በአንድ ቃል ይጠራሉ። በባቢሎንና በአሦር ይነገር የነበረው የአካድ ቋንቋ አቡ ይላል፤ ዐረብኛ አብ ይላል፤ ዕብራይስጥም አብ ብሎ ይጽፋል፥ ሲነበብ ግን ድምፁ ላልቶ ወደ አቭ ይጠጋል። የእኛ ግእዝ አብ ብሎ አቡየ፥ አቡከ፥ አቡነ እያለ ያረባል፤ ሲበዙም አበው ይላል። ስለዚህም አቡነ ማለት አባታችን ማለት ብቻ እንደ ሆነ የምታውቁት ነው። ከባሕር ማዶ የመጡ መንገደኞች ግን ይህን ሳያስተውሉ የሀገራችንን ጳጳስ «አቡና» እያሉ በየመጽሐፋቸው እንደ ሹመት ስም ጻፉት፤ እኛ አንድን ሰው «ያ አባታችን መጣ» ብለን እንደምንናገር ያለ ሆነባቸው።

አረማይስጥ ደግሞ በስም መጨረሻ ላይ «አ» የሚል ድምፅ እየጨመረ፥ የታወቀውንና የተለየውን ነገር ያመለክታል። አብ የሚለው ስም በዚህ አኳኋን አባ ሆነ፤ ሲነገርም ባው ይጠብቃል። እንግዲህ በጥንት አገባቡ «አባትዬው» እንደ ማለት ያለ ነበር፤ እያደርም አባቴ ለማለትና አባትን ለመጥራት ዋለ። በጌታችን ዘመን በፍልስጥኤም ምድር ሕዝቡ በአረማይስጥ ይነጋገር ስለ ነበር፥ ቃሉ በየቤቱ የሚሰማ ነበር።

በአዲስ ኪዳን ይህ ቃል የሚገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በማርቆስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፥ ወደ ሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት በ8ኛው፥ ወደ ገላትያ ሰዎች በተጻፈውም በ4ኛው ምዕራፍ። በሦስቱም ስፍራ ጸሐፊው የአረማይስጡን ቃል እንዳለ ካስቀመጠ በኋላ ወዲያው በግሪክ ቋንቋ አባት ብሎ ይተረጕመዋል። የሮሜና የገላትያ ምእመናን ግሪክ ተናጋሪዎች ሲሆኑ ሐዋርያው የባዕድ ቃል የጻፈላቸው፥ ቃሉ እንደ አሜንና እንደ ሆሣዕና ከጸሎታቸው ጋር አብሮ ስለ ደረሳቸው መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። በወንጌል ውስጥ ደግሞ ይኸው ቃል ተሰውሮ የተቀመጠበት ሌላ ስም አለ። እኛ በርባን የምንለው ወንበዴ በግሪኩ ባራባስ ይባላል፤ ይህም በአረማይስጥ ባር አባ፥ የአባ ልጅ ማለት ነው። በጲላጦስ አደባባይ የአብ ልጅና «የአባ ልጅ» ጐን ለጐን ቆመው ሕዝቡ እንዲመርጥ ተጠየቀ፤ በአማርኛው ንባብ ግን ይህ ነገር አይታይም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። አባ ማለት የሕፃን ቃል ነው የሚለውን ትምህርት በብዙ ያሰፋው ዮአኪም የሬሚያስ የተባለው የጀርመን ሊቅ ነው። ጌታችን እግዚአብሔርን በቤት ውስጥ ልጅ አባቱን በሚጠራበት ቃል መጥራቱን አብራርቶ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1966ም በዚሁ ቃል ስም የተጠራ መጽሐፍ አሳተመ። ሰባኪዎች ግን ከእርሱ ብሰው የሕፃን ኰልታፋ ቃል አደረጉት። እርሱ ራሱ ይህን አነጋገር የማይገባ የዋህነት ብሎ አርሞት ሳለ፥ እርማቱን ያነበበ ጥቂት ሰው ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1988 ጄምስ ባር የተባለ የዕብራይስጥ ሊቅ ነገሩን መርምሮ፥ ቃሉን ሕፃንም ጐልማሳም እኩል ይናገሩት እንደ ነበር አስረዳ። ከማስረጃዎቹም አንዱ ሚሽና በሚባለው በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሚገኘው ነው፤ በዚያ አባታቸው የሞተባቸው ወራሾች በዳኛ ፊት ቆመው ስለ ርስት ሲምሉ አባታቸውን አባ ብለው ይጠሩታል። በፍርድ አደባባይ ለመሐላ የቆመ ወራሽ እንደ ሕፃን አይኰላተፍም።

ዛሬ በእስራኤል አገር ያሉ ልጆች አባታቸውን አባ፥ እናታቸውንም ኢማ ብለው ይጠራሉ፤ ይህም ከአረማይስጥ ተወስዶ ወደ አዲሱ ዕብራይስጥ የገባ ነው። ከኢትዮጵያ ወደዚያ የሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆችም በትምህርት ቤት ይህንኑ ይማራሉ፤ አያቶቻቸው ግን በጎንደር ምድር ሳሉ መነኰሶቻቸውን አባ ይሉ ነበር። የዛሬውን አነጋገር ወደ ኋላ ወስዶ በጌቴሴማኒ ጸሎት ላይ የጫነው ሰባኪ ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ።

እርግጥ ነው፥ ቃሉ ከመጀመሪያው ከሕፃን አፍ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሮማን ያኮብሶን የተባለ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ ሕፃን ከንፈሩን ገጥሞ ሲከፍት የሚወጡት ድምፆች ማ፥ ባ፥ ፓ ናቸውና ወላጆች እነዚህን ድምፆች የራሳቸው ስም አድርገው ይቀበሏቸዋል። ስለዚህም ምንም ዝምድና የሌላቸው ልሳናት ተመሳሳይ ቃል ያላቸው ሆነው ይገኛሉ። ከሴማውያን ልሳናት ጋር የማይዛመደው የሱመር ቋንቋ አባትንና ሽማግሌን አባ ይል ነበር፤ የሀንጋሪ ሰው አፓ ይላል፤ ቱርክና ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ባባ ይላሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው የጆርጂያ ሰዎች ነገር ነው፤ እነርሱ አባትን ማማ፥ እናትን ዴዳ ይላሉ። እንግዲህ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። ዐረቦች ዐባ የሚሉት መጐናጸፊያም በዐይኑ ዐ የሚጀምር ነውና ከእኛ ቃል ጋር አንዳች አይገናኝም። የቃል መነሻ አንድ ነገር ነው፥ ትርጕሙ ሌላ ነገር ነው። የዐባይ ምንጭ በሰከላ ግሽ ዓባይ አንዲት ትንሽ ውኃ ናት፤ ነገር ግን ይህን ያየ ሰው በባሕር ዳር ወንዙን ዘልሎ ለመሻገር አይሞክርም።

ቃሉ ከጸሎት ወደ ገዳም የገባው በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ ነው። ከቅዱስ እንጦንስ ወዲህ ወደ በረሃ የወጡት ወንድሞች፥ ምክር የሚሰጣቸውን ሽማግሌ አባ፥ ሴቲቱንም መካሪ አማ ይሉ ነበር። ይህ ስም የክህነት ማዕረግ አልነበረም፤ የዕድሜም አልነበረም። አጋቶን የተባለው መነኩሴ ገና ወጣት ሳለ ጴሜን የተባለው አባት አባ ብሎ ቢጠራው፥ ይህ ልጅ አባ የሚባለው ስለ ምን ነው ብለው ጠየቁት፤ ጴሜንም አፉ ነው አባ ያሰኘው ሲል መለሰ፤ ቃሉ ሌላውን የሚያቀና ነው ማለቱ ነበር። ሴቶቹም ቢሆኑ በእኛ ዘንድ አልተረሱም፤ እማሆይ ስንል እማ የሚለውን ያን ዓይነት ቃል እንጠራለን።

ግብፃውያን ይህን ቃል አንባ ይሉታል። የጠበቀው ባ ተከፍሎ በመካከሉ ን መግባቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አይሁድ ሻባት የሚሉትን ቀን እኛ ሰንበት ማለታችን በዚሁ ሕግ ነው። በሀገራችን ደግሞ ከከሳቴ ብርሃን አባ ሰላማ ጀምሮ፥ ከተሰዓቱ ቅዱሳን እነ አባ ገሪማና እነ አባ ጰንጠሌዎን ጋር ስሙ ጸንቶ ኖረ።

ይሁን እንጂ ስሙ ያለ ክርክር አላለፈም። በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሄሮኒሞስ የገላትያን መልእክት ሲተረጕም፥ ጌታችን በምድር ላይ ማንንም አባት ብለን እንዳንጠራ ካዘዘ በገዳማት ሰውን አባ የሚሉት በምን ፈቃድ ነው ብሎ ጽፎአል። ይህ ጥያቄ ከእኔ ደቀ መዝሙር ጥያቄ ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል፤ ሄሮኒሞስን ግን ማንም ከበር አጠገብ አላቆመውም።

ወደ ምዕራብ የሄደው መንገድ ረጅም ቢሆንም ባጭሩ ልለፈው። ግሪኩ አባስ አለ፤ ላቲኑም ተቀበለው፤ ከዚያ ጀርመን አብት፥ እንግሊዝ አቦት አሉ፤ የገዳሙም ስም ከአለቃው ስም ወጥቶ በሎንዶን ያለው የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አቢ ይባላል። በፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. በ1516 ንጉሡ ቀዳማዊ ፍራንሷ ከሮማው ፓፓ ጋር ባደረገው ስምምነት የገዳማትን አለቆች የመምረጥ ሥልጣን ስለ ተሰጠው፥ በገዳም ያልኖረ መኰንን ሁሉ የገዳም ገቢ እየበላ አቤ ይባል ጀመር። ኋላም የካህን ልብስ የለበሰ ሁሉ አቤ ተባለ። በበረሃ በአፉ ቃል ይገኝ የነበረው ስም፥ በዚያ በልብስ የሚገኝ ሆነ።

እስከዚህ የተናገርሁት ግማሹን ነው፤ ስለ አባ ጨጓሬ ገና አልመለስሁምና። መልሱም ከገዳም ሳይሆን ከመንደርና ከጦር ሜዳ የሚገኝ ነው።

በኦሮምኛ አባ ማለት አባት ማለት ነው፤ ደግሞም ባለቤት፥ ጌታ፥ አለቃ ማለት ነው። አባ ላፋ የመሬት ባለቤት ነው፤ አባ ዱላ የዘመቻ መሪ ነው፤ አባ ቦኩ በትረ ሥልጣን የያዘው ነው፤ አባ ገዳም ለስምንት ዓመት ሥርዓቱን የሚመራው ነው። ይህ የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፎአል። እኛ በአማርኛ በየቀኑ የምንናገረው አባወራ የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው፤ ወራ በኦሮምኛ ቤተሰብ ማለት ስለ ሆነ፥ አባ ወራ የቤተሰብ ባለቤት ነው። በየሰበካው መዝገብ ላይ «አባወራ» እያልን ስንጽፍ የኦሮምኛ ቃል መጻፋችንን የሚያስብ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው። ጌታው በፈረሱ ስም የሚጠራበት ልማድ ከኦሮሞ ባላባቶችና ፈረሰኞች የተገኘ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ በጅማ ነገሥታቱ አባ ጅፋር የሚባሉት በዚህ ልማድ ነው። ልማዱም ወደ ነገሥታቱ ሁሉ ደረሰ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተባሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተሰለፉት መካከል ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ባልቻ አባ ነፍሶ፥ ራስ ሚካኤልም አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። በዚያ ቀን በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዓይነት አባ ነበር፤ መስቀል የያዘው መነኩሴ አባ እገሌ ይባላል፥ ጦር የያዘው ፈረሰኛም አባ እገሌ ይባላል። ሰሚው ግን አልተሳሳተም፤ በመነኩሴው ፊት ቃሉ አባት ነው፥ በፈረሰኛው ፊት ቃሉ ጌታ ነውና። ዳኘው ፈረሱ ነው፤ አባ ዳኘውም የዳኘው ጌታ ነው።

ዐረቦችም በአብ እንዲሁ ያደርጋሉ። ከመሐመድ ባልንጀሮች አንዱ አቡ ሁረይራ የተባለው የድመት ግልገል አባት ለመባል ነው፤ ድመት ወልዶ ሳይሆን ድመት ስለ ነበረው ነው። በግብፅ ያለውን ታላቁን የድንጋይ አንበሳም አቡ አል ሆል፥ የድንጋጤ አባት ይሉታል። እንግዲህ አባ ጨጓሬ ማለት ባለ ጨጓሬው፥ ያ የሚያሳክክ ጠጕር ያለው ማለት ነው። ከብትን የሚፈጀውን በሽታ አባ ሰንጋ የምንለውም በዚሁ መንገድ ይመስለኛል፤ በሽታው በበሬው ላይ ጌታ ሆኖ ይሠለጥንበታልና። ለትሉም ለበሽታውም ክብር መስጠት አይደለም፤ ቃሉ በዚያ አንጻር ባለቤትን ብቻ ያመለክታል።

ሁለቱ ቃላት፥ የገዳሙና የፈረሱ፥ በመንገዳቸው የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ከአረማይስጥ በጸሎትና በምንኵስና መጣ፥ ሁለተኛው ከኦሮምኛ በቤትና በዘመቻ መጣ፤ በአማርኛም ተገናኙ። ነገር ግን አባትነትና ጌትነት በአንድ ቃል መኖራቸው ለመጽሐፍ ቅዱስም እንግዳ አይደለም። በዘፍጥረት ዮሴፍ እግዚአብሔር ለፈርዖን አባት እንዳደረገው ለወንድሞቹ ይነግራቸዋል፤ ዕድሜው ግን ገና አርባ አልሞላም ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት የሶርያው የጦር አለቃ የንዕማን አገልጋዮች ጌታቸውን አባት ሆይ ብለው ይለምኑታል። ኢዩባልም በገና ለሚደረድሩ ሁሉ አባት ተባለ፤ የሙያው ጌታ ነውና።

ስለዚህ ነገር አንድ አሳብ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ከእኔ የሚበልጡ ሊቃውንት በዚህ አሉና ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል። በጌቴሴማኒ የተነገረውን ቃል የሕፃን ቃል ብቻ ካደረግነው፥ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ልመና አንረዳውም። በዚያ ሌሊት የጸለየው ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ፥ ወዲያውም ፈቃዱን ለአባቱ ፈቃድ አስገዛ። ይህ ዐዋቂ ልጅ ሁሉን ለሚችል አባት የሚናገረው ነገር ነው፤ ፍቅርም አለበት፥ መታዘዝም አለበት። ወራሹ በዳኛ ፊት፥ አገልጋዩ በንዕማን ፊት፥ ወጣቱ በበረሃው ሽማግሌ ፊት የተናገሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። ለሕፃናቱ እንዲህ ብዬ ነግሬአቸው ቢሆን ኖሮ ከበር አጠገብ የቆመውም ልጅ ጥያቄው የተመለሰለት ይሆን ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ በሌላ ከተማ ይኖራል፤ የልጆችም አባት እንደ ሆነ ሰምቻለሁ። እናቱ ግን አሁንም ከደብራችን ምእመናን አንዷ ናቸውና በዚሁ ጉባኤ ተቀምጠዋል። የኢዮቤልዩው መጽሔት ታትሞ ሲወጣ፥ ይህ ንግግር ያለበትን አንድ ቅጂ በእርሳቸው እጅ እንዲልኩለት ለሰበካ ጉባኤው ጸሓፊ አደራ ብያለሁ፤ ዋጋውንም ከፍያለሁ።